የሱካር ጥፍርና የመጅሊሱ እድፍ

ለውድ እህቴ ለጣሂራ፣ ደማም፣ ሳዑዲ ዓረቢያ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ደረጃ ስትወጪ ስትወርጂ ይጠዘጥዝሽ የነበረው ጉልበት ተሻለው ወይስ ደረጃው ዛሬም እንደዚያው ነው? እንቅልፍ ታገኛለሽ? እህል ይበላልሻል? የዚያ አገር ሙቀት በቴሌቪዥን በተወራ ቁጥር ሚስቴ ሉባባ መጽሔት አንስታ ለራሷ ታራግባለች፤ ንፋሱ ላንቺ የሚደርስ ሳይመስላት አይቀርም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጭሮም ደህና ናት። ክረምቱ እየገባ ነው፤ ባጃጆቹ የመንገዱን ጭቃ ለሀብታምም ለድሃም ሳያዳሉ ያከፋፍላሉ። የጫት መኪኖች እንደ ልማዳቸው ሰማይ የተቀደደባቸው ይመስል ይሮጣሉ። ሉባባ ስኳሯን ተለክታ ደህና ነው ተብላለች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሻይዋ ውስጥ ስኳር የምትጨምረው ደስታዋን ለመግለጽ ነው።

ደህና ነን ያልኩሽ ግን ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። እኔ ደህና አይደለሁም፤ ሕመሜም ሐኪም የሚያየው ዓይነት አይደለም።

በየአርቡ በስልክ እየተገናኘን ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ወረቀት ያዘ ትይኝ ይሆናል። የጎረቤታችን ልጅ ሳብሪና እዚያው ደማም ሥራ አግኝታ ስለምትሄድ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። እኔን ታውቂኛለሽ፤ አፌን ስከፍት ቀልድ ይቀድመኛል፣ አንቺ ትስቂያለሽ፣ አንዴ ከሳቅሽ በኋላ ደግሞ እውነቱን ማውጣት ሠርግ ቤት ገብቶ መርዶ መንገር ይሆንብኛል። ወረቀት ግን አይስቅም።

ሌላም ችግር አለብኝ። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ወንበሬን ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ዕድሜዬ አለቀ። ማመልከቻው በኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛዬ የቀረው ለመጽሐፍ፣ ለቀልድና ላንቺ ነው። በዚህ እንጀራ የተካንኩት ጥፋትን አሳንሶ መጻፍ ነው። ሰውዬው መጥቶ "በዱላ አናቱን አልኩት" ይለኛል፤ እኔ "በመካከላቸው በተፈጠረ አለመግባባት ምክንያት" ብዬ እጽፍለታለሁ። እጄ ይህን ስለለመደ እፈራዋለሁ። ስለዚህ ማመካኛው ሳይመጣ ጥፋቱን አስቀድሜ ልጻፈው።

ለሳሎኑ ፍራሽ በላክሽልን የመጅሊስ ልብስ ላይ ያለው እድፍ ሂና አይደለም፤ ደም ነው። የድመቷ የሱካር ደም ነው፣ ያፈሰስኩትም እኔ ነኝ። ልጅሽ ሹክሪያ በአረፋ ዕለት በስልክ እያለቀሰች "ይቅርታ እማ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም" ያለችሽ ባልሠራችው ነገር ነው። እኔ ይህን እያወቅሁ አጠገቧ ተቀምጬ ሐለዋ እበላ ነበር።

አሁን ከሥሩ ልንገርሽ።

ሱካርን የምታውቂያት ጨቅላ ሳለች ነው። ልትሄጂ ስትሰናጂ ከሱቅ ከመጣው የስኳር ጆንያ ውስጥ ነጭ ሆና፣ ዓይኗን ሳትገልጥ ተገኘች። ስም ለማውጣት ማንም አልተቸገረም። አንቺም ሻንጣሽ በር ላይ ቆሞ፣ ሹክሪያ ቀሚስሽን አንቃ ይዛ አልለቅም ስትል፣ ድመቷን እቅፏ ውስጥ አስቀመጥሽና "እኔ እስክመለስ ይቺን ጠብቂልኝ" አልሻት። ልጅቷ ቀሚስሽን ለቅቃ ድመቷን ያዘች። አንቺ ምናልባት ለማባበል ያልሽው ነው። እሷ ግን ያን ቃል እንደ ውል ይዛዋለች። ድመቷ እዚህ ካለች እናቷ ትመለሳለች፤ ነገሩ በእሷ ዘንድ ይህን ያህል ግልጽ ነው። እኔ ይህንን አላውቅም ነበር። ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፣ የምነግርሽም በቦታው ነው።

ሱካር አድጋ ምን ሆነች መሰለሽ? ወፍ ለመሆን ጥቂት የቀራት ፍጥረት። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ትወጣለች፣ አራት እግሯን ትዘረጋለች፣ እንደ ተወረወረ ፎጣ በአየር ተንሳፍፋ እኔ ትከሻ ላይ ታርፋለች። የምታርፈው በጥፍሯ ነው። ሸሚዜን አውልቄ ያየኝ ሰው ሉባባን በክፉ ይጠረጥራታል። መጋረጃው፣ የሉባባ ሻሽ፣ የኔ መጻሕፍት ጀርባ፣ ሁሉም ፊርማዋ አለበት።

እኔም እንደምታውቂኝ ነገር ሲገጥመኝ አነብባለሁ። ስለ ድመት ጥፍር በስልኬ የተገኘውን ሁሉ አነበብኩ፣ ቪዲዮም አየሁ። የመዳፏን ለስላሳ ሥጋ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ስትጫኚው ጥፍሩ ከተደበቀበት ብቅ ይላል። ነጭ መንጠቆ ነው፤ ብርሃን ላይ ስትይዢው ውስጡ ሮዝ ክር ይታያል። ያ ክር ሕይወት ያለው ሥጋ ነው፣ ደምና ሕመም አለው። የሚቆረጠው ከክሩ ወዲያ ያለው ሾጣጣ ጫፍ ብቻ ነው። በእኛው ጥፍር መቁረጫ፣ በሽርጤ ጠቅልያት፣ ጉበት ካበላኋት በኋላ ስቆርጥላት ብዙ ጊዜ ተሳክቶልኛል። ሹክሪያ ጭንቅላቷን ትደባብሳለች፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ ሱካርም እንደ ተበደለ ባለሥልጣን ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። እንግዲህ አላውቅም ነበር ልልሽ አልችልም። ይህን አንቀጽ የጻፍኩት ማምለጫዬን በራሴ እጅ ለመዝጋት ነው።

ከዚያ የመጅሊሱ ልብስ መጣ። የወተት መልክ ያለው፣ ጠርዙ በወርቃማ ክር የተሠራ። ሉባባ ለአረፋ ነው የሚነጠፈው ብላ ከነላስቲኩ አስቀመጠችው፤ እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቴን እንደ ትልቅ ሰው ቤት ማየት ጀመርኩ። መጽሐፍ አንብቤያለሁ፣ የዱንያ ዕቃ ከንቱ መሆኑን በብዙ ቋንቋ ተረድቻለሁ። ያ ሁሉ ንባብ በአንድ የመጅሊስ ጨርቅ ተሸነፈ። እንግዳ ገብቶ "ማሻአላህ፣ ከየት ነው?" ሲለኝ "እህቴ ናት የላከችው" ለማለት ጉሮሮዬን መጥረግ የጀመርኩት ከበዓሉ ብዙ ቀደም ብዬ ነው።

በአረፋ ዋዜማ ልብሱ ተነጠፈ። ሉባባ ከሰዓት በኋላ ሂና በጠበጠች፤ የሠፈሩ ልጃገረዶች ጓሮ ተሰብስበው እጃቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። እኔ ከሥራ ስገባ ሱካር መጅሊሱ ላይ በመሐል ተኝታለች፣ የፊት እግሮቿ ጥፍር በሙሉ ሂና! ደርቋል፣ ታጥቧል፣ ልክ እንደ ሙሽራ ጣት ብርቱካናማ ሆኗል። ሹክሪያ ናት የቀባቻት፤ አርብ ስትደውዪ በቪዲዮ ልታሳይሽ። ሁለቱ እንዲመሳሰሉ የራሷንም ጥፍር በዚያው ሂና ቀብታለች።

እኔ ይህን አላየሁም። ያየሁት ጥፍሩ ልብሱ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ነው። ድመት ደስ ሲላት እንደዚያ ታደርጋለች፤ ሊጥ እንደሚያሽ ሰው መዳፏን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ። አንድ ወርቃማ ክር ተመዝዞ ወጣ። ብድግ አልኩ፣ ጥፍር መቁረጫዬን አመጣሁ፣ ያለ ጉበት፣ ያለ ሽርጥ፣ ያለ ሹክሪያ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። መዳፏን ተጫንኩ፣ ጥፍሩ ብቅ አለ። ሮዙን ክር ፈለግሁ። የለም። ሂናው ሸፍኖታል፤ ከጫፍ እስከ ሥሩ አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ነው። መስኮት አጠገብ ወሰድኳት፣ መነጽሬን አወለቅሁ፣ መነጽሬን አደረግሁ። አይታይም። እዚህ ላይ ያልተማረ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እኔ ግን ቦታውን በልምድ አውቀዋለሁ አልኩና ቆረጥኩ።

ጩኸቷን አልጽፍልሽም። ደሙ ወዲያው መጣ። ለራሴ ምን እንዳልኩ ላንቺ መንገር አለብኝ፦ ምናልባት ይሄኛው ጥፍር ብቻ አጥሮ ይሆናል፣ ሌላኛውን ትንሽ ወደ ጫፍ ልሞክር አልኩ። ሁለተኛውም ደማ። የመጀመሪያው ስሕተት ነው እንበል፤ ሁለተኛውን ምን ብዬ እንደምጽፈው እስካሁን ቃል አላገኘሁለትም። አምልጣኝ መጅሊሱ ላይ ዘለለች፣ ወዲያ ወዲህ ብላ አልጋ ሥር ገባች። ሉባባ ከጓሮ "ምን ሆነች?" ብላ ጮኸች። "ጅራቷን ረገጥኳት" አልኩ። ከኩሽና ዱቄት ቆንጥሬ አልጋ ሥር በሆዴ ተኝቼ ቁስሉ ላይ ያዝኩላት፤ ደሙ ቆመ። ነጭ ድመት ላይ ዱቄት አይታይም። ልብሱ ላይ የቀረውን ግን ሳላይ መሸ።

በነጋታው ከሶላት ስንመለስ ሉባባ ትራሶቹን ልታስተካክል ብድግ አድርጋ፣ ያንን የደረቀ ቡናማ ነጠብጣብ አየችው። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው፣ በድመት ርምጃ። ከሂና መለየት አይቻልም። "ሹክሪያ! ነይ ወዲህ! ይሄ ድመት መቀባት ያመጣብኝን እይ!" አለቻት። ልጅቷ መጥታ እድፉን አየች፣ ቀይ እጇን አየች፣ ሌላ ምስክር አላስፈለጋትም። "አድርቄላት ነበር፣ ወላሂ አጥቤላትም ነበር" አለች ቀስ ብላ። ሉባባ "ታዲያ ይሄ ከሰማይ ወረደ?" አለች። እኔ በሩ ላይ ጫማዬን እያወለቅሁ ነበር። አንዱን ጫማ ለማውለቅ ያን ያህል የቆየ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

ቀጥሎ አንቺ ደወልሽ። የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ ከኔ በኩል ያለውን ልንገርሽ እንጂ። ሉባባ ስለ ልብሱ ነገረችሽ። አንቺም ደክሞሽ ነበር፣ በዓሉን በሰው ቤት ሥራ ላይ ውለሽ ነበር፤ "እኔ ለዚህ ነው የምለፋው? ድመቷን ገለምሶ ላለችው አክስታችን ስጡልኝ፣ ቤት አታበላሽ" አልሽ። በተነገረሽ ነው የተቆጣሽው። ያልተነገረሽን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሹክሪያ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ይቅርታ ስትጠይቅሽ ዓይኔን አንስቼ አላየኋትም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ሐለዋው አፌን ሞላው።

ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር "ቁርአን ቤት ሄዳለች" ያልንሽ ውሸት ነው። ቤት ነበረች። ስልኩ ሲጠራ ሱካርን አቅፋ ጓሮ ትወጣለች፣ መታጠቢያው ኋላ ትቀመጣለች። ሉባባ ብትለምናት "እናቴ ተቆጥታኛለች፣ ድመቷን ስሰጥ ታናግረኛለች" ትላለች።

ሱካርም ታነክስ ነበር። ኩማን ጠራሁት፤ የእንስሳት ሐኪሙን ማለቴ ነው፣ አሁንም እዚያው ቀበሌያችን ነው። ከበሬና ከግመል ሌላ በሽተኛ ስላልለመደ ድመቷን እንደ ሞባይል እያገላበጠ አያት። ሹክሪያን "ሂና ሁለተኛ እንዳትቀቢያት፣ ትልሰውና ያማታል" አላት፤ ልጅቷ ይህንንም በራሷ ላይ ደመረችው። ወደ በሩ ስሸኘው ኩማ ክንዴን ያዘኝና "ማል ጎቴ?" አለኝ። ምን አደረግህ ማለቱ ነው። ሁለት ጥፍር እስከ ሥጋው የተቆረጠው በሂና አለመሆኑን አውቋል። "ዝም በል" አልኩት። "እኔ ዝም እላለሁ፣ አንተስ ትችላለህ?" አለኝ። በጣም የሚያናድድ ጥያቄ ነው። መድኃኒት ሰጠኝ፣ ቁስሉ ዳነ። ጥያቄውን ይዤ ቀረሁ።

ቅዳሜ ዕለት ሹክሪያ ራሷ "ዛሬ እንውሰዳት" አለችኝ። ትእዛዝሽን ማለቷ ነው። ሱካርን የብስኩት ካርቶን ውስጥ አስገባናት፣ የገለምሶ ሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ "ካርቶኑ ውስጥ ምንድን ነው?" አለ። ድመት ናት አልኩት። "ትቧጭራለች?" አለ። ሹክሪያ "አሁን አትችልም፣ ጥፍሯን ታማለች" አለችው፤ ረዳቱ አዘነና የካርቶኑን ቦታ አሰፋልን። ከፊታችን ፀጉራቸውን ሂና የተቀቡ አንድ እናት አሉ፤ ከጎናችን ጫት ሸጦ የሚመለስ ነጋዴ ተኝቷል።

ከከተማ ወጥተን ዳገቱን እንደጨረስን ልጅሽ ወደ መስኮቱ እያየች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እንዳለችው ነው የምጽፍልሽ። "አጎቴ፣ እናቴ እስክመለስ ጠብቂያት ብላኝ ነበር። እኔ ሳልጠብቃት ቀረሁ። አሁን ሱካር ገለምሶ ከሄደች፣ እናቴ ወዴት ነው የምትመጣው?"

ጣሂራ፣ እኔ ያን ሁሉ ማመልከቻ ስጽፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ አያውቅም። "ይኸውልሽ ሹክሪያ፣ በዚያን ቀን በተፈጠረ..." ብዬ ልጀምር ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁትና አስጠላኝ። "ጥፍሯን የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "ሂናሽ አላበላሸም። እድፉ ደሟ ነው፣ ያደማኋት እኔ ነኝ።"

ዞራ አየችኝ። "ስትቆጣኝ ታውቅ ነበር?" አለች፤ ሉባባን ማለቷ ነው። አዎ አልኩ። "ለእናቴ ይቅርታ ስላትስ?" አዎ አልኩ። "እኔ እያለቀስኩ?" አዎ አልኩ። ሹፌሩ መንዙማውን ዝቅ አደረገው፤ መስማት ስለፈለገ ይመስለኛል። ፊት ያሉት እናት ዞር አሉና "ያ ረቢ! ልጅ ላይ ነው እንዴ የጣልከው?" አሉኝ። የጫት ነጋዴው ተኝቶ አልነበረም ለካ፤ "እናቴ፣ ሰው ይሳሳታል" ብሎ ተከላከለልኝ። "መሳሳቱንስ ይሳሳት፣ ዝም ማለቱን ምን አመጣው?" አሉት። ነጋዴው ተመልሶ ዓይኑን ጨፈነ። ረዳቱ ብቻ ተራውን ጠብቆ "በዴሳ ገብተናል፣ ወራጅ አለ?" አለ። "ወራጅ አለ!" አለች ልጅሽ። ካርቶኗን አቅፋ ወረደች። እኔ ተከትዬ ወረድኩ። እናትየው በመስኮት "ጎበዝ ልጄ!" ሲሏት ሰማሁ፤ ለኔ ምንም አላሉኝም። በሌላ መኪና ወደ ጭሮ ተመለስን፣ ካርቶኗን እስክንደርስ ድረስ ከጭኗ አላወረደችም።

ቤት ስንገባ ለሉባባ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፣ ከዚያ ተነስታ ሹክሪያ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሁለት እጇን ይዛ ሳመቻት። ለኔ የተናገረችው አንድ ነገር ነው፦ "ለሰው ሁሉ ስትጽፍ ኖረሃል፤ አሁን ለጣሂራ ጻፍ፤ ሳታሳምር!" አለችኝ።

ሹክሪያ ግን የራሷ ፍርድ ነበራት። በነጋታው ከአረፋ የተረፈውን ሂና በስኒ በጥብጣ መጣችና "እጅህን አምጣ" አለችኝ። ሰጠኋት። "የምትጽፍበትን" አለች። ሰጠኋት። የሌባ ጣቴንና የመሐል ጣቴን ጥፍር አስተካክላ ቀባችልኝ፤ ሁለት የሆነው ሱካርን የቆረጥኳት ሁለት ስለሆነ ነው። በላስቲክ አሠረችው፣ እስኪይዝ አስቀመጠችኝ። ቅጣቱን አነበበችልኝ፦ ለምን ሂና ተቀባህ ብሎ የጠየቀኝን ሰው ሁሉ እውነቱን ልነግረው፣ ቀልድ ሳልጨምር። ይግባኝ የለውም። ጥፍር ላይ የያዘ ሂና ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ አይታጠብም፣ አይፋቅም፤ አድጎ ተቆርጦ ካላለቀ አይለቅም።

ጭሮ ደግሞ የማይጠይቅ ሰው ያለባት ከተማ አይደለችም። ባጃጅ ነጂው "ኢርሻድ፣ ሁለተኛ ልታገባ ነው እንዴ?" አለኝ፤ ነገርኩት። መስጊድ ከጎኔ የቆመው ሰው ጣቴን አይቶ ከሶላት በኋላ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ኩማ አይቶኝ ምንም አልጠየቀም፣ "እፎይ" ብቻ ብሎ አለፈ። አንድ ደንበኛዬ ጉዳዩን ሊያስጽፍ ወረቀቱን ዘርግቶ ሳለ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ "የራስህን እንዲህ የምታወራ የኔን እንዴት ትሸፍንልኛለህ?" ብሎ ወደ ቀጣዩ ጸሐፊ ሄደ። ቀልድ አልጨመርኩም፤ እንዲህ ነው የሆነው።

የማትጠይቂኝ አንቺ ብቻ ነሽ፣ ጣቴ ስለማይታይሽ። ሳትጠይቂኝ የነገርኩሽ ለዚህ ነው።

የሱካር ጥፍር ተመልሶ እያደገ ነው። ሂናው የነካው ቅርፊቱ ተገፎ ወድቋል፣ አዲሱ ነጭ ነው፣ ሮዙ ክር ጥርት ብሎ ይታያል። አሁን የምትቆርጠው ልጅሽ ናት። በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ከጉበት በኋላ፣ በአንድ ቀን አንድ እግር ብቻ። እኔ በሽርጤ ጠቅልዬ እይዛለሁ፤ ሥልጣኔ እዚያ ላይ ያበቃል። ክሩን ሦስቴ አይታ "ይታይሃል?" ትለኛለች፣ ይታየኛል ካላልኩ አትቆርጥም። ጓሮ ላይ ግንድ ተክዬ ጆንያ ጠቅልዬበታለሁ፣ እሱን እንድትቧጭር። አንድ ቀን ቧጨረችው፣ ከዚያ በኋላ መጅሊሱ እንደሚሻል ወስናለች። ትቧጭር። ሉባባ እድፉ እንዳይታይ ልብሱን ልትገለብጠው ነበር፣ እኔ ነኝ እንዳለ ይሁን ያልኳት። የምቀመጠው እሱ ላይ ነው።

ሱካር ግን ትከሻዬ ላይ አትዘልም። ቁም ሳጥኑ ላይ ትወጣለች፣ ታየኛለች፣ ትለካኛለች፣ ከዚያ ዞራ በወንበሩ በኩል ትወርዳለች። ትከሻዬ ሙሉ በሙሉ ድኗል። እንዲህ የሚያም ጤና አጋጥሞኝ አያውቅም።

እህቴ፣ ከምለምንሽ ነገር ዋናው ይህ ነው። በዚህ ደብዳቤ ራስሽን እንዳትወቅሺበት፤ ወቀሳው ባለቤት አለው፣ ስሙም ከታች ተጽፏል። ስትደውዪ ስለ ልብሱ አታንሺ። ሱካር እዚሁ ትቆያለች በያት። መቼ እንደምትመጪ ካወቅሽ ንገሪያት፤ ካላወቅሽም አላውቅም በያት እንጂ ለማባበል ቀን አትቁረጪላት፤ ይቺ ልጅ የተባለችውን ሁሉ ትጠብቃለች። እኔን ይቅር ለማለት አትቸኩዪ። ጥፍሬም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ከሥሩ ገና ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ ነው ብቅ ያለው።

ሉባባ በጣም ናፍቀሽኛል ትላለች፤ በአረፋ ዕለት ሳታጣራ በመናገሯ ዐውፍ በይኝ ብላሻለች። በሳብሪና እጅ በርበሬና ሹሮ ልካልሻለች፣ የሻንጣው ሚዛን ከፈቀደ ቅቤም አለ። ኩማ ሰላም ብሎሻል፣ ጉልበትሽን በግመል ቅባት እሺው ይላል፤ እኔ እንዳስተላልፍ እንጂ እንድታምኚው አልተነገረኝም። አብረውሽ ላሉት የአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የገለምሶዋ አክስታችን ድመት እየጠበቀች ነበር፤ እሷንም ሄጄ ማስረዳት አለብኝ፣ ጣቴን ማየቷ አይቀርም።

ሹክሪያ ከጎኔ ሱካርን አቅፋ ተቀምጣለች። የጻፍኩትን ሁሉ አንብብልኝ ብላኝ አነበብኩላት። ሐለዋው ጋ ስደርስ አስቆመችኝና "የኔን ድርሻ ነበር የበላኸው፣ እሱንም ጻፈው" አለችኝ። ይኸው ጽፌያለሁ። ሰላምታዋን ልጻፍልሽ ወይ ብላት ራሷን ነቀነቀች፤ "በወረቀት አልፈልግም" አለች። "ስልኩ ሲጠራ እኔ አነሳዋለሁ፣ ጓሮ አልሄድም በላት።"

ጥፋተኛው ወንድምሽ
ኢርሻድ
ጭሮ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.